የስሌታዊ ፋይናንስ የድኅረ ምረቃ ትምህርትና የመግቢያው በር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ በይፋ ሲከፈት፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተቋረጠ አንድ ታሪክ እንደገና ተቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ተቋቁሞ የነበረው የአዲስ አበባ የአክሲዮን ግብይት ቡድን ከ1967 ዓ.ም. የባንኮችና የመድን ድርጅቶች ውርስ ወዲህ ሥራው መቆሙ ይታወሳል። በእነዚህ ሃምሳ ዓመታት ውስጥ ግን በዓለም ገበያዎች የአክሲዮንና የቦንድ ንግድ ጠባዩን ለውጧል። ቀድሞ በደላላ ልምድ፣ በመዝገብ ንባብና በመደመሪያ መኪና ይከናወን የነበረው ሥራ ዛሬ በብዙው በፕሮባቢሊቲ፣ በዲፈረንሺያል እኩልዮሽና በኮምፒዩተር ይመራል። ይህን ዕውቀት የሚያስጨብጠው የድኅረ ምረቃ ትምህርት በውጭው አጠራር ኳንቲታቲቭ ፋይናንስ ይባላል፤ ፋይናንሺያል ኢንጂነሪንግ ወይም ፋይናንሺያል ማቲማቲክስ የሚሉትም አሉ። በዚህ ንግግር ውስጥ ስሌታዊ ፋይናንስ በሚለው ስያሜ ይጠራል።

በሒሳብ አያያዝ፣ በኢኮኖሚክስና በማኔጅመንት በማዕረግ የተመረቁ ወጣቶች ይህን ትምህርት ለመከታተል ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ያመለክታሉ። ለማመልከቻው የሚከፈል ገንዘብ፣ ለፈተናው የሚወጣ የውጭ ምንዛሪ፣ ለዝግጅቱ የሚያልፍ ጊዜ አለ። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ አለመቀበላቸውን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ ደብዳቤውም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን አይናገርም። ወጣቱ ግን ምክንያት መፈለጉ አይቀርም፤ አንዱ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር ባለመሆኑ፣ ሌላው የመጣበት አገር ድኻ በመሆኑ እንደ ሆነ ይገምታል። እነዚህ ምክንያቶች ፈጽሞ የሉም ባይባልም፣ ዋናው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይልቅ ቀላልና የሚታረም ነው፤ ይኸውም የሒሳብ ዝግጅት ማነስ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛው ቃል ራሱ አንድ መሳሳቻ አለው። “ሒሳብ” ሲባል የገቢና የወጪ አያያዝም ነው፣ የቁጥርና የቅርጽ ሳይንስም ነው። ለአራት ዓመት የሒሳብ አያያዝ የተማረ ወጣት “የሒሳብ ሰው” ተብሎ ሲጠራ ይሰማል፤ እርሱም ይህንኑ አምኖ ያመለክታል። የስሌታዊ ፋይናንስ በር የሚከፈተው ግን በሁለተኛው ሒሳብ ነው። ይህም መሥፈርት የወጣው አመልካቾችን ለማጥራት ብቻ ሳይሆን ሙያው ራሱ ከዚያ የተገነባ ስለ ሆነ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህን አስረድቶ፣ ዝግጅቱ የጎደለው ወጣት እንዴት ሊያሟላው እንደሚችልና የማኅበሩ አባላት ድርሻ ምን እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

1. የሙያው አመጣጥ

የስሌታዊ ፋይናንስ ልደት እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ እንደ ሆነ ይቆጠራል። በዚያ ዓመት ሉዊ ባሽሊየ የተባለ ፈረንሳዊ ስለ ስፔኩሌሽን ንድፈ ሐሳብ የጻፈውን የዶክትሬት ድርሰት አቀረበ፤ ከመርማሪዎቹም አንዱ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኦንሪ ፖንካሬ ነበር። ባሽሊየ ዋጋ በየቅጽበቱ ወዲያና ወዲህ የሚዋልልበትን ሁኔታ ለመግለጽ የተጠቀመበት ስሌት፣ አልበርት አይንሽታይን ከአምስት ዓመት በኋላ በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቂቅ ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ ካስረዳበት ስሌት ጋር በመሠረቱ አንድ ነበር። ይሁን እንጂ ድርሰቱ በኢኮኖሚስቶች ዘንድ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ በሁለት ጅረት አደገ። በሒሳብ በኩል አሜሪካዊው ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. በ1923 የዚህን ውልውል እንቅስቃሴ ንድፈ ሐሳብ በጽኑ መሠረት ላይ አቆመ፤ ጃፓናዊው ኪዮሲ ኢቶም እ.ኤ.አ. በ1944 እንዲህ ላለው እንቅስቃሴ የሚያገለግል ካልኩለስ አስገኘ። በፋይናንስ በኩል ደግሞ ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ ገንዘብን በልዩ ልዩ አክሲዮኖች ማከፋፈል ሥጋትን የሚቀንሰው እንዴትና በምን ያህል መጠን እንደ ሆነ በስሌት አሳየ። ሁለቱ ጅረቶች የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር የኦፕሽን ገበያ በቺካጎ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ በአንድ ወገን፣ ሮበርት መርተን በሌላ ወገን የኦፕሽን ዋጋ የሚሰላበትን መንገድ አሳተሙ። መርተንና ሾልስ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1997 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ብላክ ከሁለት ዓመት በፊት ዐርፎ ነበር።

ባንኮች ይህን ዕውቀት የያዘ ሰው መፈለግ ሲጀምሩ በመጀመሪያ የቀጠሩት የፊዚክስና የሒሳብ ዶክተሮችን ነበር። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ትምህርት የተጀመረው ዘግየት ብሎ ነው። በፓሪስ ኒኮል ኤል ካሩዊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1990 የፕሮባቢሊቲና የፋይናንስ ትምህርት ከፈቱ፤ በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1994፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1996 ተከተሉ። የትምህርቱ አመጣጥ የመግቢያውን ጠባይ ወስኖታል። ትምህርቱ የተነሣው ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ፋይናንስን በአንድ ዓመት ሊማር ይችላል፣ ፋይናንስ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ሒሳቡን በአንድ ዓመት አይደርስበትም ከሚል እምነት ነው። ስለዚህም ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከአመልካቹ የፋይናንስ ትምህርት አስቀድመው አይጠይቁም፤ የሒሳቡን ግን አይተዉም።

2. የሚጠየቁት ትምህርቶችና ምክንያታቸው

የዩኒቨርሲቲዎቹ መሥፈርት በዝርዝሩ ቢለያይም በአራት ነገሮች ላይ ይስማማል።

ሀ. ካልኩለስና ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ። የሚጠየቀው ብዙ ተለዋዋጮችን እስከሚይዘው ካልኩለስ ድረስ ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። የ100 ብር አክሲዮን በመጀመሪያው ዓመት 50 በመቶ ወርዶ በሁለተኛው ዓመት 50 በመቶ ቢወጣ፣ የሁለቱ ዓመታት አማካይ ለውጥ ዜሮ ነው፤ ገንዘቡ ግን 75 ብር ሆኗል። መዋዠቅ ራሱ ዕድገትን ይበላል ማለት ነው። የኢቶ ካልኩለስ ይህን ጉድለት በትክክል ይለካል፤ የሚለካውም በተለመደው ካልኩለስ ኢምንት ነው ተብሎ የሚጣለውን የቴይለር ተከታታይ ሁለተኛ ደረጃ ባለመጣል ነው። የቴይለርን ተከታታይ በቅጡ ያላጠና ተማሪ ምን እንደ ተጣለና ምን እንደ ቀረ ሊያይ አይችልም፤ ቀመሩን በቃሉ ሊይዝ ይችላል እንጂ አይረዳውም።

ለ. ሊኒየር አልጀብራ። ሁለት አክሲዮኖች እያንዳንዳቸው በዓመት በ20 በመቶ መጠን የሚዋዥቁ ናቸው እንበል፤ ገንዘቡም እኩል ተከፍሎ ይግባባቸው። ሁለቱ ዘወትር አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ የጠቅላላው መዋዠቅ ያው 20 በመቶ ነው። የአንዱ መውጣትና መውረድ ከሌላው ጋር ምንም ዝምድና ከሌለው ግን ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። የሥጋቱ መጠን የተመሠረተው በእያንዳንዱ አክሲዮን ላይ ብቻ ሳይሆን በዝምድናቸው ላይ መሆኑን ይህ ያሳያል። አክሲዮኖቹ 100 በሆኑ ጊዜ ሁለት ሁለት እየተባለ የሚለካው ዝምድና 4,950 ይደርሳል። ይህን ሁሉ በአንድነት የሚይዘው ማትሪክስ ነው፤ ማትሪክሱን ማንበብ፣ መገልበጥና መበተን የማይችል ሰው በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሐ. ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ። የመሆን ዕድል ስሌት የሙያው ልብ ነው። የሚፈለገውም በካልኩለስ ላይ የተመሠረተው ትምህርት እንጂ አማካይንና ፐርሰንትን በማስላት የሚያበቃው አይደለም። ዛሬ 100 ብር የሚያወጣ አክሲዮን በዓመቱ መጨረሻ ወይ 120 ወይ 80 ብር ይሆናል እንበል፤ ወለድም ለጊዜው ይቅር። ይህን አክሲዮን በዓመቱ መጨረሻ በ100 ብር የመግዛት መብት፣ ማለትም ኦፕሽን፣ ዛሬ ስንት ያወጣል? አክሲዮኑ 120 ብር የመሆኑ ዕድል 70 በመቶ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ትርፉ 20 ብር ስለ ሆነ የ20 ብር 70 በመቶ 14 ብር ነው ሊል ይችላል። መልሱ ግን 10 ብር ነው። አንድ ሰው 10 ብር ከኪሱ አውጥቶ፣ 40 ብር ተበድሮ፣ በ50 ብሩ ግማሽ አክሲዮን ቢገዛ፣ ዋጋው 120 ሲሆን ከ60 ብሩ ብድሩን ከፍሎ 20 ብር ይቀረዋል፤ 80 ሲሆን ደግሞ 40 ብሩን ለብድሩ ከፍሎ ምንም አይቀረውም። ይህ ከኦፕሽኑ ውጤት ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ በ10 ብር የሚሠራውን ነገር በ14 ብር የሚገዛ ሰው 4 ብር ይከስራል። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት የመሆን ዕድል የአንድ ሰው እምነት ሳይሆን ከዋጋው ራሱ የሚወጣ ሌላ ሚዛን ነው፤ በዚህ ምሳሌ 50 በመቶ ነው። የዚህን ሚዛን ንድፈ ሐሳብ ማይክል ሃሪሰንና ዴቪድ ክሬፕስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ በሰፊው መሥርተውታል፤ የአንደኛው ዓመት የድኅረ ምረቃ ትምህርትም በብዛት በዚሁ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

መ. የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ። ብዙ ስሌቶች በቀመር አይፈቱም፤ ኮምፒዩተሩ በሺህና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሊሆኑ የሚችሉ የዋጋ ጎዳናዎችን በዕጣ እያወጣ አማካዩን እንዲያሰላ ይደረጋል። ይህ የሞንቴ ካርሎ ዘዴ ይባላል። ስሕተቱን ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ ግን የዕጣውን ብዛት መቶ እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን በዘዴ መጻፍ የጊዜና የገንዘብ ጉዳይ ነው። ዛሬ በብዛት የሚጠየቁት ፓይተንና ሲ ፕላስ ፕላስ የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው። በሰንጠረዥ ማስያ ፕሮግራም ብቻ መሥራት ለዚህ አይበቃም።

ከእነዚህ አራቱ ሌላ ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው ሪያል አናሊሲስ የሚባለውን፣ ማለትም ካልኩለስን ከነማረጋገጫው የሚመረምረውን ትምህርት፣ እንዲያውቅ ይጠበቃል።

አንድ ወጣት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ራሱን በሦስት ጥያቄዎች ሊመዝን ይችላል። ኖርማል የተባለውን ሥርጭት አማካይና ቫሪያንስ በኢንቴግራል ራሱ ያወጣልን? የአንድ አነስተኛ ማትሪክስ አይገን ቫልዩ አግኝቶ ትርጉሙን ያስረዳልን? የሳንቲም ውርወራን 10,000 ጊዜ የሚደግም ፕሮግራም ጽፎ ውጤቱ ከሚጠበቀው ለምን በዚያ መጠን እንደ ራቀ ይናገራልን? ሦስቱንም በወረቀትና በኮምፒዩተር ያለ ረዳት የሚሠራ ወጣት ለማመልከት ቀርቧል፤ አንዱም የማይሆንለት ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ዝግጅት ይቀረዋል ማለት ነው።

3. የማመልከቻው ሰነዶች

መርማሪዎቹ አስቀድመው የሚመለከቱት የትምህርት ማስረጃውን፣ ማለትም ትራንስክሪፕቱን ነው። የሚያዩትም አጠቃላይ ነጥቡን ብቻ አይደለም፤ የሒሳብ ኮርሶቹ የትኞቹ እንደ ሆኑና በእነርሱ የተገኘውን ውጤት ለይተው ይመረምራሉ። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍሎች “ካልኩለስ ለኢኮኖሚስቶች” እና “ሊኒየር አልጀብራ ለኢኮኖሚስቶች” የሚሉ ኮርሶች ይሰጣሉ፤ እነዚህ ጥሩ መነሻ ቢሆኑም መርማሪው ጥልቀታቸውን ከስማቸው ብቻ ሊያውቅ አይችልም። በመሆኑም አመልካቹ የኮርሱን ዝርዝር ይዘትና የተማረበትን መጽሐፍ አያይዞ ቢልክ ይበጀዋል።

ጂ.አር.ኢ. የተባለውን ፈተና የሚጠይቁም ለአመልካቹ ምርጫ የተዉትም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የዚህ ፈተና የቁጥር ክፍል ነጥብ ከ130 እስከ 170 ነው፤ ይዘቱ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አያልፍም፣ ካልኩለስም የለበትም። ስለዚህ ዝቅተኛ ነጥብ አመልካቹን ይጎዳዋል፤ ከፍተኛ ነጥብ ግን የሌለውን የካልኩለስ ኮርስ አይተካም። ቶፍል ወይም አየልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም እንዲሁ የማለፊያ እንጂ የማሸነፊያ ማስረጃ አይደለም። ሲ.ኤፍ.ኤ. የሚባለው በሦስት ደረጃ የሚፈተን የሙያ ማስረጃ በኢንቨስትመንት ሥራ ክብር ያለው ነው፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ለሌላ ተግባር ስለ ሆነ የሒሳብን ዝግጅት አይተካም።

የድጋፍ ደብዳቤ ሌላው ዋና ሰነድ ነው። “ትጉህ፣ ጨዋና ሰዓት አክባሪ ነው” የሚል ደብዳቤ ለማንኛውም ሥራ የሚጻፍ ስለ ሆነ መርማሪውን አይረዳውም። አመልካቹ ምን ችግር ተሰጥቶት በምን ዘዴ እንደ ፈታ፣ የት ላይ እንደ ተሳሳተና እንዴት እንዳረመው የሚናገር ደብዳቤ ግን ይነበባል። ከዚህ በኋላ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹን በቃል ይጠይቃሉ፤ የሚያቀርቡለትም የፕሮባቢሊቲና የፕሮግራም እንቆቅልሽ ሊሆን ይችላል።

4. የትምህርቱ ዓይነት፣ ቦታና ወጪ

የማስተርስ ትምህርቱ በእንግሊዝ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ በአሜሪካ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። በአሜሪካ ክፍያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ለማስተርስ የሚሰጠውም ነጻ የትምህርት ዕድል ጥቂት ነው። የዶክትሬት ትምህርት በአንጻሩ አምስት ዓመት ያህል ቢወስድም፣ በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በረዳት አስተማሪነት ወይም በረዳት ተመራማሪነት እየሠራ ክፍያው ይሸፈንለታል። ገንዘብ የሌለውና በሒሳብ የበረታ ወጣት ረጅሙ መንገድ የሚረክስለት በዚህ ምክንያት ነው።

በአፍሪካም አማራጭ አለ። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ በሒሳባዊ ፋይናንስ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። በዚያው ከተማ አጠገብ በሙይዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም፣ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ማዕከሎች ከፍቶ፣ የመላው አፍሪካ ተማሪዎችን በነጻ የትምህርት ዕድል በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። በአገር ውስጥም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍሎች ድኅረ ምረቃ ያስተምራሉ። ዝግጅቱ የጎደለው የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ወደ ውጭ ከማመልከቱ በፊት በእንዲህ ያለ ቦታ የጎደለውን ቢሞላ፣ ያጠፋው የመሰለው ዓመት መልሶ የሚያተርፍለት ይሆናል።

5. ስሌት የማይመልሰው

ሙያው የራሱ ውድቀት አለው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ወጣቱን ማታለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለ የአሜሪካ የገንዘብ ድርጅት፣ መርተንና ሾልስን በሽርካነት የያዘ ነበር። የድርጅቱ ስሌት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍተኛ ትርፍ አስገኘ፤ በተበደረው ገንዘብም ከካፒታሉ ብዙ እጥፍ የሆነ ንብረት ያዘ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1998 ሩሲያ ዕዳዋን መክፈል ባቆመች ጊዜ፣ አይዛመዱም ተብለው የተሰሉት ገበያዎች ሁሉ በአንድነት ወደቁ። በዚያው ዓመት መስከረም በኒው ዮርክ የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ አስተባባሪነት 14 የገንዘብ ድርጅቶች ወደ 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው አነሡት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ያደረሰውም ስሌቱ፣ የወሰደውም ስሌቱ ላይ የተጣለው ከልክ ያለፈ እምነት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 በደረሰው የገንዘብ ቀውስም በቤት ብድሮች ላይ የተመሠረቱ ሰነዶች ዋጋ የተገመተው፣ ብድሮቹ በአንድ ጊዜ የመበላሸታቸውን ዕድል ዝቅ አድርጎ በገመተ ስሌት ነበር። በሁለቱም ጊዜ ስሕተቱ የመደመርና የመቀነስ አልነበረም፤ ስሌቱ የቆመበት ግምት ከእውነታው ሲለይ አለማስተዋል ነበር። ስለዚህ ሒሳቡን ጠንቅቆ ማወቅ የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው፤ ቀመርን በቃሉ የያዘ ሰው ይታዘዝለታል፣ ቀመሩ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው ግን የት ላይ እንደማያገለግል ይናገራል።

6. የአገር ውስጥ ፍላጎትና የማኅበሩ አባላት ድርሻ

በኢትዮጵያ የኦፕሽን ንግድ ገና ሳይኖር ይህ ትምህርት ለምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ የነበረበት አስመጪ ዕዳው በብር ሲቆጠር ከ57 ሚሊዮን ወደ ከ100 ሚሊዮን በላይ አደገበት። እንዲህ ያለውን ሥጋት አስቀድሞ መለካት፣ ለብድርና ለግምጃ ቤት ሰነድ ተገቢውን ወለድ መተመን፣ የመድን ድርጅት ሊይዝ የሚገባውን መጠባበቂያ ማስላት፣ አዲሱን ገበያ መቆጣጠር፣ ሁሉም የዚህ ሙያ ሥራዎች ናቸው።

ሆኖም የውጭውን ዘዴ እንዳለ ማምጣት አይበቃም። 50 አክሲዮኖች ያሉበት ገበያ የ40 ሳምንት የዋጋ መዝገብ ብቻ ቢኖረው፣ ከዚያ መዝገብ የሚሠራው የዝምድና ማትሪክስ ፈጽሞ አይገለበጥም፤ ኮምፒዩተሩ ቁጥር ቢያወጣም ቁጥሩ ትርጉም የለውም። መዝገቡ አጭር፣ ግብይቱም ስስ በሆነበት አገር የሚሠራ ባለሙያ በኒው ዮርክ ከሚሠራው ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ሒሳብ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም መቼ ዝም ማለት እንዳለበትም ማወቅ ይኖርበታል።

ከዚህ አንጻር የማኅበሩ አባላት ሊያደርጉ የሚችሉት ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠየቅ አባል አስቀድሞ የወጣቱን ትራንስክሪፕት ይመልከት፤ የሒሳቡ ዝግጅት ከጎደለ ውዳሴ ከመጻፉ በፊት ይህንኑ በግልጽ ይንገረው። ያልተነገረው እውነት ለወጣቱ የከሸፈ ማመልከቻና የባከነ ዓመት ነው። ሁለተኛ፣ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አባላት የኢኮኖሚክስና የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ኮርስ መርጦ እንዲወስድ በሩን ይክፈቱለት፤ በሁለተኛው ዓመት የሚሰጥ አንድ ምክር ከምረቃ በኋላ ከሚሰጥ አሥር ምክር ይበልጣል። ሦስተኛ፣ በባንክና በመድን ድርጅት በኃላፊነት ላይ ያሉ አባላት በማታው ትምህርት ፕሮባቢሊቲና ፕሮግራም የሚማር ሠራተኛቸውን በጊዜም ሆነ በክፍያ ይርዱ፤ ተምሮ ለተመለሰው ባለሙያም የሚሠራበት መረጃና ቦታ ያዘጋጁለት።

መደምደሚያ

የዚህ ትምህርት በር ከፍ ያለ ነው፤ የተዘጋ ግን አይደለም። ቁልፉም በዘር፣ በአገር ወይም በዩኒቨርሲቲ ስም አልተሠራም፤ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲና ፕሮግራም ከማንኛውም ደህና ቤተ መጻሕፍትና ትጉህ መምህር ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። ወጣቱ በሩ ላይ ቆሞ ለምን እንዳልተከፈተለት ሳያውቅ እንዳይመለስ፣ ቁልፉን አስቀድሞ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ደብዳቤ ሊያስጽፍ በቢሮው ደጅ የሚጠብቀው የማኅበሩ አባል ነው።